ያፈሰሰ ይግባ

ጂንካ ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ሰው ጥቂት ነው። ባለባጃጆቹም፣ የገበያ ሴቶቹም፣ ሐኪሞቹም «አስታማሚው» ነው የሚሉኝ። ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ የመንግሥት የሥራ መደብ ይመስለዋል። አንዱ እንዲያውም ሲያጫውተኝ ቆይቶ ሲነሳ «ቅጥር ሲወጣ ንገረኝ፣ ዲፕሎማ አለኝ» አለኝ። ኧረ ወንድሜ፣ እኔ አናጢ ነኝ። በርና መስኮት ነው የምሠራው። ብቻ በረንዳ የሚያድር፣ መጠጥ ወይም ጫት የጣለው፣ ዘመድ የሌለው ሰው አልጋ ሲይዝ ይልኩብኛል፤ መላጊያዬን አስቀምጬ እሄዳለሁ። ሚስቴ ታጉረመርማለች፣ ደንበኞቼ ያጉረመርማሉ። እኔም መንገዱን ሁሉ እያጉረመረምኩ ነው የምሄደው።

ስሙ የወጣልኝ በአንድ ጣሳ ውሃ ምክንያት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ በአጭሩ እነግረዋለሁ፤ ዛሬ ግን ዝናብ ስለሆነ፣ እንጨቱም እርጥብ ስለሆነ፣ ከነዝርዝሩ ልናገረው።

ያኔ አውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሃል ነበር። ሣር የለበሰ ሜዳ ነው፤ አውሮፕላን ሲመጣ ላሙና ፍየሉ ይባረራል፣ ከላሙና ከፍየሉ ጋር እኛም እንባረራለን። ከሄደ በኋላ ሁላችንም ወደየቦታችን እንመለሳለን። ቀን ቀን መናኸሪያ ጭነት እናወርዳለን፣ ስናገኝ እንጠጣለን፣ ሲመሽ ሱቆቹ በረንዳ ላይ ካርቶን እንዘረጋለን። ሦስት ነበርን።

አንደኛው ሹፌሩ ነው፤ በዕድሜም ከሁለታችን ይበልጣል። ከወይጦ ማሽላ፣ ከኦሞ ዳር በቆሎ በጭነት መኪና ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። መጠጡ ሲበዛ ባለንብረቱ ቁልፉን ተቀበለው። ቁልፉ ይወሰድ እንጂ እሱ መንዳቱን አልተወም። ቁጭ ባለበት ቀኝ እግሩ መሬቱን ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ ያደርጋል። ምን ሆነሃል ስንለው «አቀበት ላይ ነኝ፣ አታናግሩኝ» ይላል።

ሁለተኛው የወይጦው ሰው ነው፣ ከፀማይ ብሔረሰብ። አማርኛን የተማረው መናኸሪያ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንቺ» ይላል። ፖሊስ ሊያስነሳን ሲመጣ «አንቺ፣ ተይን እንጂ» ሲለው ፖሊሱ ስቆ ያልፈናል። ስለዚህ ማንም አላረመውም።

ሦስተኛው እኔ ነኝ። አባቴ ከሰሜን የመጣ፣ እናቴ የዚሁ አገር ሰው፣ አሪ። በሁለቱም በኩል ዘመድ ሞልቶኛል። የአባቴ ወገኖች ለቅሶ ላይ፣ የእናቴ ወገኖች ሠርግ ላይ እንዳልደርስባቸው በየፊናቸው ይጸልዩ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ ጠረኔ ቀድሞኝ ነበር የሚገባው። ግን ያመኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ጠጪ ያልሆነ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የጠጪ እጅ የሚንቀጠቀጠው ሲጠጣ አይደለም፣ ሳይጠጣ ነው። ጠዋት ስንነሳ የሦስታችንም እጅ እንደ ወንፊት ይርገፈገፋል። የመጀመሪያዋ መለኪያ አረቄ ገብታ እስክታረጋጋን ድረስ ቁልፍ መቆለፍ የለም፣ ጫማ ማሰር የለም። የኔ ደግሞ ከሁሉም ይብስ ነበር። መለኪያዋን ራሷን ወደ አፌ ማድረስ ስለማልችል ግማሹ ደረቴ ላይ ይቀራል። ሹፌሩ የራሱን ግጥም አድርጎ እጁ ሲረጋለት የኔን ያነሳና አፌ ድረስ ያመጣልኛል። «ቀስ፣ አለሁልህ» ይላል። ሁልጊዜ ያቺኑ ነው የሚላት። አንዲት ጠብታ አገጬን ሳትነካኝ ያጠጣኝና ወደ አረቄ ሻጯ ዞሮ «ድገሚን» ይላል። በዚያ ዘመን ከዚህ የበለጠ ደግነት ያደረገልኝ ሰው የለም።

አንድ ቀን ቆርቆሮ ስናወርድ አንዱ ተንሸራቶ የሹፌሩን ቀኝ እግር ከቁርጭምጭሚቱ በታች ሸረከተው። ሐኪሙ እሱ ራሱ ሆነ፤ መድኃኒቱም አረቄ። ትንሽ ቁስሉ ላይ ጠብ ያደርጋል፣ ብዙውን ይጠጣል። «ከውጭም ከውስጥም ነው የሚታከመው» ይለናል። እግሩ ግን አበጠ፣ ጠቆረ፣ ይሸትም ጀመር። እኛ ሽታ የለመድን ሰዎች እርስ በርስ አፍንጫ መያዝ ስንጀምር ነገሩ እንደከፋ ገባን።

ለምን ቶሎ አልታከመም ትሉ ይሆናል። ሐኪም ዘንድ ወረፋ ስንይዝ ከፊታችንም ከኋላችንም ያለው ሰው ይርቃል፤ እንደ ጌታ ሰፊ ቦታ ላይ ነው የምንቆመው። ካርድ የሚያወጣው ሰው «ቤት ቁጥር» ይላል። ውስጥ ስትገባ ደግሞ «አስታማሚህስ?» ትባላለህ። እኛ አገር በሽተኛ ብቻውን አይተኛም። ምግብ የሚያመጣ፣ የሚያጥብ፣ የሚደግፍ፣ መድኃኒት ፍለጋ የሚሮጥ ሰው ከጎኑ ያስፈልገዋል። እኛ ያ ሰው የለንም። ቁስል ይሻላል እንጂ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «የለኝም» እያሉ መመለስ አይሻልም። ስለዚህ አንሄድም ነበር።

ሹፌሩ መቆም ሲያቅተው ግን እኔ ተናደድኩ። ስናደድ ሥራ ይሠራልኛል። በእጅ ጋሪ ጭነን፣ በነፃ እንዲታከም ወረቀት እንዲጽፉልን ወደ ቀበሌ ገፋነው።

«አድራሻ?» አለ ጸሐፊው።

«በረንዳ» አልኩ።

«የማን በረንዳ?»

«ዝናቡ ከወዲህ ሲመታ እዚያ ማዶ እናድራለን፤ ከወዲያ ሲመታ እዚህ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዲያው ኬዙ የኛ አይደለም። ከቦዩ ማዶ የጎረቤት ቀበሌ ነው፣ እዚያ ጠይቁ።»

ቦዩን ተሻግረን ጎረቤት ቀበሌ ገፋነው። እዚያ ደግሞ «እናንተን የምናያችሁ ከቦዩ ወዲያ ነው፤ ፕሮሰሱ በዚያ በኩል ነው መጀመር ያለበት» አሉን። አልሸሹም ዞር አሉ ነው። ጋሪውን እየገፋን ሁለቴ ቦዩን ተሻገርን። ሹፌሩ ከጋሪው ላይ ሆኖ «ማርሽ ቀንስ፣ ቁልቁለት ነው» ይለኛል።

በመጨረሻ ደሜ ፈላ። ካርቶኖቻችንን አመጣሁና በመጀመሪያው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ፣ ልክ በሩ ሥር ዘረጋኋቸው። ሹፌሩን አወረድነው፣ አስተኛነው፣ እኛም ከጎኑ ጋደም አልን። ጸሐፊው ወጣና «ይኼ ምንድነው?» አለ።

«አድራሻ ነዋ» አልኩት። «ይኼ በረንዳ የየትኛው ቀበሌ ነው?»

የወይጦው ሰው ደግሞ ጨመረበት፤ «አንቺ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጎረቤት ነሽ» አለው። ወረቀቱ ወዲያውኑ ተጻፈ። ማኅተሙም አማረበት።

ከከተማው ጫፍ ጥቂት አልጋዎች ያሉት የበጎ አድራጎት ክሊኒክ ነበር። ዛሬ የለም፤ ግቢው የእንጨት መጋዘን ሆኗል፣ እኔም ከዚያው ነው ጣውላ የምገዛው። እዚያ ወሰድነው። ዶክተሩ እግሩን አየ፣ ነካካ፣ አሸተተ። ልጅ ነገር ነው፣ ግን ነገር አያለዝብም። እንዲህ አለን፦ ቁስሉ በየቀኑ ይታጠባል፣ መርፌው ሰዓቱን ሳያሳልፍ ይሰጠዋል፣ ሰውየው ከአልጋ አይወርድም፣ አረቄም አይነካም። ይህ ከሆነ እግሩ ሊተርፍ ይችላል። አንድ ቀን ወጥቶ ከጠጣ ግን ወደ አርባ ምንጭ ሪፈር ይጻፍለታል። ሪፈር ማለት እዚያ ይቆረጣል ማለት ነው።

ሹፌሩ ሰምቶ ሲያበቃ ቀና አለ። «ዶክተር፣ የግድ ከሆነ ግራውን ውሰደው። ግራው ፍሪሲዮን ብቻ ነው የሚረግጠው። ቀኙ ነዳጁም ፍሬኑም ነው፣ እሱ ከሄደ እኔ ምን ቀረኝ» አለ። አጠገቡ የቆመችው ሲስተር ሳቀች። እሱ ግን እየቀለደ አልነበረም። ዐይኑን አይቼዋለሁ።

«አስታማሚው ማን ነው?» አለ ዶክተሩ።

እሱም እኔን አየ፣ የወይጦውን ሰው አየ፣ ተመልሶ እኔን አየ። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል። «ሁለታችንም» አልኩ። «እንዴት ሁለታችሁም?» «በፈረቃ።» ፈረቃውን ያሰብነው ለሹፌሩ ብለን ብቻ አይደለም። ግማሽ ቀን ሳንጠጣ መዋል እንችል ይሆናል፣ ሙሉ ቀን ግን አንችልም ብለን ነው። ዶክተሩ አንድ ቃል ብቻ አስገባን፤ ጠጥቶ የመጣ አስታማሚ በሩን አያልፍም። አስታማሚ ከሌለ ደግሞ አልጋው ለሌላ ይሰጣል። ሹፌሩ አልጋ ሰባት ላይ ተኛ።

እዚህ ላይ የክሊኒኩ ዘበኛ ይመጣሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ አሪ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፤ ቀኑን ሙሉ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። በሕይወታቸው የአረቄ ጠብታ በከንፈራቸው አልዞረም። አፍንጫቸውም በሳይነስ ከተዘጋ ዓመታት አልፎታል፤ እንኳን አረቄ፣ በርበሬ ሲታጠን አይሰማቸውም። ዶክተሩ ጠጥቶ የመጣ እንዳያስገቡ ሲያዛቸው በምን እንደሚለዩ አሰቡበት፣ አሰቡበትና አንድ ዘዴ ፈጠሩ። በቲማቲም ድልህ ጣሳ ውሃ ጢም አድርገው ይሞሉና ለመጣው ሰው ይሰጡታል። ሳያፈስ ከያዘ ጨዋ ነው፣ ይገባል። ካፈሰሰ ሰክሯል፣ ይመለሳል። ሰካራም ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል ብለው ነው። ከማንም ሲሰሙ የኖሩት እንዲያ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የጠዋቱ ፈረቃ የኔ ነበር። ቃሌን ጠብቄ አንዲት መለኪያ ሳልቀምስ መጣሁ። ያን ጠዋት ከአልጋዬ፣ ማለት ከካርቶኔ፣ እስከ ክሊኒኩ በር የደረስኩት እንዴት እንደሆነ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ጣሳውን ሰጡኝ። ገና ከመያዜ ግማሹ የሳቸው ጫማ ላይ፣ ግማሹ የኔ ደረት ላይ ሆነ።

«ተመለስ ልጄ፣ ጠጥተሃል» አሉኝ በሐዘኔታ።

«ኧረ ጋሼ፣ ስላልጠጣሁ እኮ ነው።»

«እጅህ ይናገራል።»

የወይጦው ሰው ይህን ከሩቅ ቆሞ አየ። ብልጥ ነው። ወደ አረቄ ሻጯ ቤት ሮጠና ሁለት መለኪያ ደርቦ መጣ። ጣሳውን ተቀበለ፣ እንደ ቅዳሴ ዕቃ ቀጥ አድርጎ ያዘው። አንዲት ጠብታ የለም። «ተባረክ፣ ግባ» አሉት። እያየኝ ገባ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ውስጥ ገብቶ ያደረገውን ኋላ ሰማሁ። ሹፌሩን ሰላም አለ፣ «አንቺ አይዞሽ» አለው፣ አልጋው ሥር ገባና ተኛ። ሲስተሯ ፋሻ ልትቀይር ስትመጣ ከአልጋው ሥር ማንኮራፋት ሰማች። ጎንበስ ብላ ስታይ የአረቄው ሽታ ተቀበላት። ሹፌሩ ደግሞ ያንኑ ሽታ ከላይ ሆኖ እየማገ «እግዜር ይስጠው፣ መዓዛው ደረሰኝ» ይላል።

በማግስቱ እንደገና ሳልቀምስ መጣሁ፤ እንደገና አፈሰስኩ። እሳቸውም እንደገና «ተመለስ» አሉኝ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ ያክብሩኝና አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ጠጥቼ ብመጣ ያስገቡኛል፤ ሳልጠጣ ብመጣ ይመልሱኛል። የኔ ጓደኛ እግሩ ሊቆረጥ ነው፣ አልጋውም ሊሰጥበት ነው። ልጠጣና ልምጣ?»

«አትጠጣ ነው የምልህ።»

«አልጠጣሁም ነው የምልዎት።»

«ታዲያ ውሃውን ማን አፈሰሰው?»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። ጩኸቴን ሰምታ ሲስተሯ ወጣች። አፌን አሸተተች፣ እጄን አየች፣ የዐይኔን ቆብ ገለጥ አደረገች። ከዚያም ወደ ሽማግሌው ዞራ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው፤ ለዓመታት የጠጣ ሰው ሰውነቱ መጠጡን እንደሚለምደው፣ ሲከለከል እንደሚንቀጠቀጥ፣ የጠጣውም ያላፈሰሰው ሰውዬ እንደሆነ። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ጣሳቸውን አዩት። እኔ ያፍራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁና «ታዲያ መፈተኛው ደህና ነው፣ የገለበጥኩት እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የበሩ ሕግ ተገለበጠ፤ ያፈሰሰ ይግባ፣ ያላፈሰሰ ይመለስ።

የወይጦው ሰው ወዲያውኑ ከሥራ ወጣ። ጠዋት በመጣ ቁጥር እጁ ጸጥ ያለ ነው። አንድ ቀን ሆን ብሎ ውሃውን ሊያፈስ ሞከረ፤ ግን ሰካራም ሰው ያልጠጣ ሲያስመስል ያስታውቅበታልና ሽማግሌው በሳቅ ሸኙት። ከዚያ በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራችን ሆነ። ከሆቴሎች የተረፈ ምግብ ለምኖ ያመጣል፣ መናኸሪያ የሰማውን ወሬ በአጥር ያቀብላል። አረቄ ሻጯም «ደንበኞቼን ማስታመም ወሰደብኝ» እያለች በሱ እጅ ገንፎ ትልክ ጀመር። ከገንፎው ጋር በቅል የቡና ገለባ ፍል፣ ሾፎሮ የምንለውን ማለት ነው፣ ትልክልን ነበር። ጨውና በርበሬ ጣል ታደርግበታለች። እሱን ትኩሱን ስጠጣ ሆዴ ይረጋል። ሙሉው ፈረቃ ግን እኔ ላይ ወደቀ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዴት እንዳለፉ ለሚጠይቀኝ ሰው የምነግረው ሲስተሯ ያለችውን ነው። ሹፌሩ አልጋው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ እኔ ወንበሩ ላይ እንቀጠቀጣለሁ። አልጋው ኳ ኳ ይላል፣ ወንበሩም ኳ ኳ ይላል። መጣች፣ ሁለታችንንም አየችና «ዛሬ የትኛችሁ ነው በሽተኛው?» አለች። እኔም በሱ ፈንታ ልመልስ ብዬ አፌን ስከፍት ጥርሴ ተንገጫገጨብኝ። ዶክተሩ ተጠራ፤ መጠጥ ድንገት ያቆመ ሰው ያለ ሐኪም ክትትል ሊሞት እንደሚችል ነገረን፣ ለኔም የሚያረጋጋ ኪኒን አዘዘልኝ። ካርድ አልነበረኝም። «ካርዱስ?» አልኩት። «አንተ የአልጋ ሰባት አስታማሚ ነህ፣ ይበቃል» አለኝ። ለዓመታት በር በር ላይ ያጣሁትን ሕክምና እንዲህ በጎን በኩል ገብቼ አገኘሁት።

ከሁሉ የከፋው ግን የሹፌሩ ልመና ነው። ቁስሉ ሲታጠብ ክንዱን እይዘዋለሁ። «ቁረጡትና አንድ መለኪያ ስጡኝ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ «አንተ፣ ስንት ጊዜ አጠጥቼሃለሁ፣ ዛሬ አንዴ ብቻ» ይላል። ይሄኛው ይወጋኛል። እውነቱን ነው፣ አጠጥቶኛል። ቆዳዬ ሁሉ ተነስቶ ሂድ፣ አምጣለት፣ ለራስህም ቅመስ ይለኛል። አንድ ቀን ከሰዓት እውነትም እስከ በሩ ደርሼ ነበር። ሽማግሌው ዘበኛ መዝሙራቸውን አቋርጠው «ወዴት ነው?» አሉኝ። «ሽንት ቤት» አልኩ። «ሽንት ቤቱ በዚያ ነው» ብለው በጣታቸው አመለከቱኝ። ወደዚያው ሄድኩ፣ ከዚያ ወደ አልጋ ሰባት ተመለስኩ። ሹፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጠበቀኝ። ባዶ እጄን ሲያይ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ፤ ሲስተሯ ገንፎውን አምጥታ «ብሉ» አለችን፣ በላን።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልወጣሁም። መውጣት እፈራ ነበር። እዚያው ወንበሩ ላይ አድራለሁ፣ ምግቡ በአጥር ይመጣልኛል። ቀን ሥራ ሳጣ የተሰበሩትን የክሊኒኩን በሮችና ወንበሮች መጠጋገን ጀመርኩ። ጥፍሬን መዶሻ ሲመታኝ እሳደባለሁ፣ በሽተኞቹ ይስቃሉ። ኮሪደሩ ላይ «የአልጋ ሰባት አስታማሚ» የሚል ጥሪ ሲሰማ «አቤት» ብዬ እነሳለሁ። «አቤት» ማለት ደስ ይለኝ ነበር። ውጭ ሰው ሲጠራኝ «አንተ ሰካራም» ነበር፤ ለዚያ አቤት አይባልም።

አንድ ምሽት ዶክተሩ ፋሻውን ነካክቶ ፊቱን አጨማደደ። «ነገ ጠዋት ፈትቼ አይቼ እወስናለሁ» አለ። «ሪፈር ከሆነ አስታማሚው ይፈርማል፣ አርባ ምንጭም አብሮት ይሄዳል። ስጠራህ ቅርብ ሁን።» ሹፌሩ ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀኝ እግሩን በጣቱ ሊነካው ሲሞክር አየሁት።

ሲነጋ ሲስተሯ የሹፌሩን ልብሶች ሰጠችኝና «ዶክተሩ እስኪመጣ ነሪ ወንዝ ወርደህ እጠብለት፤ የሚሄድም ከሆነ፣ የሚቀርም ከሆነ ንጹሕ ይልበስ» አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ከግቢው ወጣሁ። ልብሱን አጠብኩ፣ ራሴንም ታጠብኩ፣ ድንጋዩ ላይ አሰጥቼ ፀሐይ ስሞቅ ትንሽ ቆየሁ። አረቄ ሻጯ ቤት በር ላይ ሳልፍ «ግባ እንጂ» አለችኝ። «ስመለስ» አልኳት። ልቤ ክሊኒኩ ውስጥ ስለነበር ምን እንዳልኩ ራሱ አላስተዋልኩም።

በሩ ላይ ስደርስ ሽማግሌው ጣሳቸውን ጢም አድርገው ሞልተው ጠበቁኝ። ከውጭ የመጣ ሁሉ ይፈተናል። ልብሱን በግራዬ አቅፌ ጣሳውን በቀኜ ተቀበልኩ። በዚያችው ቅጽበት ከውስጥ ጥሪው ተሰማ።

«የአልጋ ሰባት አስታማሚ!»

«አቤት» ብዬ ልሮጥ ስል ሽማግሌው በበትራቸው በሩን ዘጉት። ፊታቸው ጠቁሯል።

«አንተም?» አሉ። «ስለ አንተ ስጸልይ ነበር እኮ የከረምኩት።»

«ምን አደረግኩ ጋሼ?»

«ጣሳውን እየው።»

አየሁት። ውሃው እስከ አፉ ድረስ ሙሉ ነው። ላዩ ላይ ሰማዩ ይታያል፣ አይነቃነቅም። እኔ መጀመሪያ የሌላ ሰው እጅ መስሎኝ ነበር። ጣቶቼን አንድ በአንድ አየኋቸው፣ የኔው ናቸው፣ መዶሻ የመታው ጥፍሬም አለ። ውስጥ ሁለተኛ ጥሪ ተሰማ። ሪፈር ነው፣ ልፈርም ነው የተጠራሁት ብዬ አንገቴን ወደ ውስጥ አሰገግኩ፤ እጄ ግን አሁንም ቀጥ እንዳለ ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይያዙት» አልኳቸው።

ተቀበሉኝ። በዕድሜ ይሁን በንዴት እንጃ፣ ውሃው ጫማቸው ላይ ተንጠባጠበ።

«እንግዲህ በሕጉ መሠረት እርስዎ ይገባሉ፣ እኔ እመለሳለሁ» አልኳቸው።

ጣሳውን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ቀስ እያለ ፊታቸው ተፈታ። «ልጄ፣ ለቀቀህ ማለት ነው?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ ጋሼ። እኔም አሁን ነው ያየሁት።»

በትራቸውን አነሱ። ጣሳውን ከበርሜሉ እንደገና ጢም አድርገው ሞሉና እጄ ላይ አኖሩት። «ይዘኸው ግባ» አሉኝ። «ሰው ሁሉ ይየው።»

ኮሪደሩን ጣሳውን ይዤ አለፍኩ። አልጋ ሰባትን ዶክተሩና ሲስተሯ ከበውታል፤ የተፈታው ፋሻ መሬት ላይ ነው። የማንም ፊት አይነበብም። ዶክተሩ ዞር አለና «የት ጠፋህ?» አለኝ። «ና እየው፣ አንተ ነህ ከንግዲህ የምትጠብቀው። ሥጋው ቀይ ሆኗል። ሪፈር የለም።»

ሹፌሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እግሩ ወርዶ ሲሚንቶውን በጣቶቹ ጫፍ ነክቶታል፤ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ። እንባው ጺሙ ውስጥ ይወርዳል። «ውሃ ስጠኝ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ» አለኝና እጁን ዘረጋ። ከደስታው ይሁን ከፋሻው ሕመም አላውቅም፣ እጁ ይርገፈገፋል፤ ጣሳውን ሊይዘው አልቻለም።

ከጎኑ ተቀመጥኩ። ጣሳውን አፉ ድረስ አመጣሁለት።

«ቀስ፣ አለሁልህ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጣሳውን አየ፣ ጣሳውን የያዘውን እጄን አየ። አይቶም ጠጣ፣ እስከ ታች ጠጣው፤ አንዲት ጠብታ አገጩን አልነካችውም። ሲጨርስ ከንፈሩን ላሰ።

«ውሃ ነው እንዴ?» አለኝ።

«ውሃ ነው።»

ትንሽ አሰበና «ድገመኝ» አለኝ።